የጎማ ዳዶ በትክክል ማጥበቅ፦ ከቁልፉ ርዝመት እስከ 100ኛው ኪሎ ሜትር

ጎማ ሲቀየር ሁሉም ሰው የሚፈራው የላላ ዳዶን ነው። ጎሚስታው ቁልፉ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲረግጥ ያየ ባለመኪና ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ከልክ በላይ የጠበቀ ዳዶም ግን ጎማ ያስወልቃል፤ ልዩነቱ ጊዜ ወስዶ መሆኑ ነው። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ ንጹሕ ገጽታ፣ ትክክለኛ ዳዶ፣ ቅደም ተከተልና አንድ ቁጥር ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው ለቤት መኪና፣ ለፒክአፕና ለትንንሽ ሚኒባስ ነው። የከባድ መኪና ጉዳይ በመጨረሻ በአጭሩ ተነክቷል።

ዳዶው ምን ይሠራል?

ቸርኬውን የያዘው የብሎኑ ውፍረት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ የፀጉር ውፍረት ያህል ይለጠጣል፤ እንደተወጠረ ላስቲክ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ቸርኬውን ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር ያጣብቀዋል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን በልኩ ሲጠብቅ ይህ ጫና በአንድ ብሎን ብቻ ወደ 4 ቶን ይጠጋል። መኪናውን የሚሸከመውም፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማውን የሚያቆመውም በዚህ ጫና ምክንያት በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው።

ጫናው ሲያንስ ቸርኬው ሞዞው ላይ በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ብሎኑ በእያንዳንዱ የጎማ ዙር ወዲህና ወዲያ ይታጠፋል፤ ሽቦ እያጠፉ እያቃኑ እንደሚሰበረው እሱም ይሰበራል። ጫናው ሲበዛ ደግሞ ብሎኑ ከመለጠጥ አልፎ ይረዝማል፤ የረዘመ ብሎን ወደ ቦታው አይመለስም፣ ስለዚህ አይዝም። የዳዶው ጥርስ የሚላጨውም፣ በመንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ በመኪናው ቁልፍ አልፈታ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። ቁልፉ ላይ ከሚያሳርፉት ኃይል ብሎኑን የሚለጥጠው አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው። ቀሪውን ጥርሱና የዳዶው መቀመጫ በሰበቃ ይበሉታል። ስለዚህ ዝገትና አፈር ካለ ቁልፉ «ጠበቀ» ይላል፣ ብሎኑ ግን አልተለጠጠም። ዘይት ወይም ግራሶ ከተቀባ ደግሞ በተቃራኒው፣ በዚያው ኃይል ብሎኑ እጅግ ይለጠጣል። አምራቾች የሚሰጡት ቁጥር፣ በመመሪያው ላይ ሌላ ካልተባለ፣ ለደረቅና ንጹሕ ጥርስ ነው። ብዙ ጋራዥ «እንዳይዝግ» እያሉ ግራሶ የሚቀቡት ነገር ስለዚህ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ጥርሱ ላይ ምንም አይቀባ።

ቁጥሩ

የማጥበቂያው ልክ በኒውተን ሜትር ይጻፋል፤ በመኪናው መመሪያ ደብተር ውስጥ ጎማ ስለመቀየር በሚናገረው ክፍል ይገኛል። ለቶዮታ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ሆንዳ ለቤት መኪኖቹ 108 ይላል። የቆዩት የሂዩንዳይና የኪያ ትንንሽ መኪኖች ከ88 እስከ 107 ባለው ውስጥ ናቸው። ላንድክሩዘር 200 ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ የአሉሚኒየም ቸርኬ ካለው 131፣ የላሜራ ቸርኬ ካለው 209። አንድ መኪና ሁለት ቁጥር ሊኖረው ይችላል ማለት ነው፤ እስኮርታው ላሜራ፣ የተቀሩት አሉሚኒየም ከሆኑ ደብተሩን ሁለቴ ይዩት።

መለኪያው ላይ ስሕተት የሚበዛው በአሃድ ነው። 103 ኒውተን ሜትር ማለት 10.5 ኪሎግራም ሜትር ወይም 76 ፉት ፓውንድ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቶርክ ቁልፍ (የተሞላለት ልክ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ቁልፍ) ብዙ ጊዜ ዋናው ጽሑፉ በፉት ፓውንድ ነው። 103ን በዚያ ላይ ሞልቶ ያጠበቀ ሰው ወደ 140 ኒውተን ሜትር ደርሷል፤ ለቪትዝ ብሎን በጣም ብዙ ነው።

ቶርክ ቁልፍ ካለ፣ ከሌለስ?

ባለ ግማሽ ኢንች፣ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚለካ ቶርክ ቁልፍ ለማንኛውም የቤት መኪና ይበቃል። እጀታው ላይ ብቻ ይያዙት፤ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ይሳቡ። የመጀመሪያው «ቀጭ» ሲል ያቁሙ። «ለማረጋገጥ» ብለው ሁለት ሦስቴ ቀጭ ካደረጉት በየጊዜው ትንሽ እየጨመሩ ነው። ለመፍታት አይጠቀሙበት፤ ሲጨርሱም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰው ያስቀምጡት፣ አለበለዚያ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ደክሞ መዋሸት ይጀምራል።

ቶርክ ቁልፍ የሌለው ሰው በሒሳብ ሊጠጋ ይችላል። ኒውተን ሜትር ማለት የቁልፉ ርዝመት በሜትር ሲባዛ በሚያሳርፉት ኃይል ነው። 103 ኒውተን ሜትር ለማግኘት፦

- 25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፉ ላይ 42 ኪሎ ያህል ይፈልጋል፤
- 30 ሳንቲ ሜትር 35 ኪሎ፤
- 40 ሳንቲ ሜትር 26 ኪሎ፤
- 50 ሳንቲ ሜትር 21 ኪሎ።

ርዝመቱ የሚለካው ከዳዶው መሐል እጅዎ ኃይል እስከሚያሳርፍበት ድረስ ነው። እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን የሻንጣ ሚዛን ቤት ውስጥ ካለ መንጠቆውን ቁልፉ ጫፍ ላይ አስረው፣ ከቁልፉ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን (በ90 ዲግሪ) እየሳቡ ቁጥሩን ማንበብ ይችላሉ። የቶርክ ቁልፍን ያህል አይተማመኑበትም፤ በእግር ከመርገጥ ግን እጅግ ይሻላል። አንዴ እንደዚህ ከሠሩ፣ 35 ኪሎ በእጅ ሲሳብ ምን እንደሚመስል ክንድዎ ያስታውሳል።

አሁን እግሩን የሚጠቀመውን ሰው ያስሉት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ35 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ 240 ኒውተን ሜትር ያሳርፋል፤ ከሚገባው በእጥፍ በላይ። ቢዘልበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ቁልፉ ላይ የአንድ ሜትር ቧንቧ ሰክቶ ክብደቱን ሁሉ ያሳረፈበት ሰው ወደ 690 ይደርሳል። ቧንቧ ለመፍታት ብቻ ነው።

በአየር የሚሠራው መፍቻም (ብዙዎች ኢምፓክት ይሉታል) እንዲሁ ነው። ለመፍታትና ዳዶውን በፍጥነት ወደ ቦታው ለማድረስ ጥሩ ነው፤ ለማጥበቅ ግን ምን ያህል እንደሰጠ ማንም አያውቅም፣ ይዞት የቆመውም ቢሆን። ጎሚስታ ቤት ሲሄዱ «በኢምፓክት አድርሰው፣ ማጥበቁን በእጅ ጨርስልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ የሚያኮርፍ ቢኖርም እንኳ።

ዳዶው የመኪናው ነው ወይ?

ይህ ክፍል ቢዘለል ከላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) ዳዶ የገዛ ሰው በተለይ ያንብበው። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ሚትሱቢሺና ሂዩንዳይ ለትንንሽ መኪኖቻቸው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ሲጠቀሙ የጥርሱ ርቀት (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ) 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሱዙኪና ኒሳን ግን በዚያው ውፍረት 1.25 ነው። በዓይን አይለዩም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የሱዙኪ ዲዛየርና የቶዮታ ቪትዝ ሁለቱም አራት ብሎን ያላቸው፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበትም ክብ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቸርኬው ይለዋወጣል፤ ዳዶው ግን አይለዋወጥም። የቪትዝ ዳዶ ዲዛየር ላይ አንድ ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ ይነክሳል። በቁልፍ ቢገፉት ይሄዳል፣ ጥርሱን እየበላ። ያኔ «ጠበቀ» የሚለው የተበላው ጥርስ እንጂ ቸርኬው አይደለም። ሲገዙ አሮጌውን ዳዶ ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለ መኪናው ብሎን ላይ በጣት አሽከርክረው እስከ መጨረሻ መሄዱን ካላዩ አይክፈሉ።

ሁለተኛው የመቀመጫው ቅርጽ ነው። ዳዶው ቸርኬውን የሚነካበት ጫፍ ሾጣጣ (60 ዲግሪ)፣ እንደ ኳስ የተጠጋጋ ወይም ከሥሩ ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። የሆንዳ ፋብሪካ ቸርኬ የተጠጋጋውን ይፈልጋል። አብዛኛው ከገበያ የሚገዛ አሉሚኒየም ቸርኬ ሾጣጣውን። የቶዮታ የድሮ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ። ሾጣጣ ዳዶ በተጠጋጋ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚነካው ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ቶርክ ቁልፉ ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጥዎታል፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ያ መስመር ይሰምጥና ይላላል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የሚያብለጨልጭ ቀለበት ይዩ። ሰፊና ሙሉ ከሆነ ተስማምቷል፤ ቀጭን ክር ከመሰለ አልተስማማም።

አንዳንድ መኪኖች፣ ቮልስዋገንና በአዲስ አበባ የበዛው የኤሌክትሪክ አይዲ ተከታታይ ጭምር፣ ዳዶ የላቸውም፤ ብሎኑ ራሱ ይገባና ይጠብቃል። ደንቡ ያው ነው፤ ጎማውን ይዞ የሚያቆይ ብሎን ስለሌለ ግን ማንጠልጠሉ ትንሽ ያታግላል።

አሠራሩ፣ ደረጃ በደረጃ

1. መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ። ኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ ክሪክ አይቆምም፤ ሃምሳ ሜትር ቀስ ብሎ መሄድ ጎማውን ያበላሸው ይሆናል፣ ሕይወት ግን ያተርፋል። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ፣ ማኑዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ ላይ ያድርጉ። ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ባለው ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግ። ሰው ይውረድ። አስጊ መብራት ይብራ፣ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

2. ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ዳዶዎቹን ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል ያላሉ፤ አይፍቱ። ክሪክ ላይ ያለ መኪና ዳዶ ሲታገሉበት ይወድቃል።

3. ክሪኩ የሚገባበት ቦታ በመኪናው ጠርዝ ሥር ብዙ ጊዜ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች መካከል ነው። ጎማው ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እስኪለቅ ብቻ ያንሡ። እስኮርታውን ከመኪናው ጎን ሥር አጋድመው ያስገቡት፤ ክሪኩ ቢያመልጥ መኪናው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከሥሩ ማንም አይግባ፣ እጅም ቢሆን።

4. ጎማው ሲወጣ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የሞዞውን ገጽና የቸርኬውን ውስጠኛ ገጽ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ። በክረምት የደረቀ ጭቃ፣ ዝገት፣ ከአሉሚኒየሙ የሚወጣ ነጭ ዱቄት፣ ቸርኬ ተቀብቶ ከሆነ የቀለም ንጣፍ፣ ሁሉም በመካከል ተጨምቆ ሲቀጥን ዳዶው ሳይንቀሳቀስ ጫናው ይወርዳል። ቸርኬ አስቀብተው የሚመለሱ ሰዎች ዳዶ ላላብን የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። የተቀባ ቸርኬ ሞዞ የሚነካበት ገጽና የዳዶው ጉድጓድ ቀለም ሊኖረው አይገባም።

5. እያንዳንዱን ብሎን ይዩ። የታጠፈ፣ ጥርሱ የተበላ፣ መሐሉ እንደ ወገብ የቀጠነ ካለ ይቀየራል። ዳዶው በጣት ብቻ እስከ ሥር መሄድ አለበት።

6. ጎማውን ሰቅለው መጀመሪያ የላይኛውን ዳዶ በጣት ያስገቡ፣ ከዚያ የሌሎቹን። ቁልፍ አይንኩ። ዳዶው ቸርኬውን ከመንካቱ በፊትና በኋላ በድምሩ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፤ በ1.5 ጥርስ 8 ዙር፣ በ1.25 ጥርስ 10 ዙር ገደማ ነው። ወፍራም አሉሚኒየም ቸርኬ በአጭር ብሎን ላይ ገብቶ አራት አምስት ዙር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ያ ቸርኬ የዚያ መኪና አይደለም።

7. ጎማው እንደተንጠለጠለ በቁልፍ ቀለል አድርገው ያጥብቁ፣ ጎማውንም በእጅ እየነቀነቁ መሐሉን እንዲያገኝ ያድርጉ። ቅደም ተከተሉ ዙሪያውን አይደለም። አራት ብሎን ካለው ፊት ለፊት እየተሻገሩ፤ አምስት ከሆነ በሰዓት አዙሪት ቆጥረው 1፣ 3፣ 5፣ 2፣ 4፤ ስድስት ከሆነ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3፣ 6። ጎን ለጎን ካጠበቁ ቸርኬው በአንድ በኩል ተጋድሞ ይነክሳል፣ በሌላው በኩል ክፍተት ይቀራል።

8. ጎማው መሬቱን ነክቶ እንዳይሽከረከር ብቻ መኪናውን ያውርዱ፤ ክብደቱ ሁሉ ገና አይረፍበት። በዚያው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ በግማሽ ልክ፣ ለቪትዝ 50 ኒውተን ሜትር ያህል፣ ሁሉንም ያዳርሱ። ከዚያ በሙሉው ልክ። ከዚያ እንደገና በሙሉው ልክ አንዴ ይዙሩ፤ የመጨረሻው ሲጠብቅ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ትንሽ ይለቃል። በዚህ ሦስተኛ ዙር ሁሉም ሳይንቀሳቀሱ ቀጭ ካሉ ተሳክቷል።

9. ክሪኩን አውጡ፣ የእስኮርታውን አየር ይዩ፣ ቁልፉን መኪናው ላይ ያስቀምጡ። መልሶ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ስለ ሙቀት። የዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወርደው ፍሬን ሲቃጠል ሞዞውም ቸርኬውም እሳት ይሆናሉ። እዚያ ጎማ መቀየር ግድ ከሆነ ይቀይሩ፤ የመጨረሻውን ልክ ግን ሲበርድ መልሰው ይስጡት።

50 እና 100 ኪሎ ሜትር

አዲስ የታሰረ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ በብርዱ መፈተሽ አለበት፤ በተለይ አሉሚኒየም ቸርኬ። የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃ ነው። ዳዶውን ሳያላሉ ቶርክ ቁልፉን በዚያው ቁጥር ያሳርፉ። ወዲያው ቀጭ ካለ ደህና ነው። ትንሽ ሄዶ ቀጭ ካለም ያጋጥማል፤ ገጽታዎቹ ተስማምተው ተቀምጠዋል። ሩብ ዙር ያህል ከሄደ ግን ጎማውን አውርደው 4ኛውንና 5ኛውን ደረጃ ይድገሙ፤ ዳዶውንና መቀመጫውንም ይመርምሩ። በሚቀጥለው ፍተሻ ያው ዳዶ መልሶ ከላላ ማጥበቅ አይደለም መፍትሔው፤ ያ ብሎንና ዳዶ ይቀየራሉ።

እየነዱ ሳለ በዝግታ ጊዜ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ወይም መሪ ላይ አዲስ መንቀጥቀጥ ከመጣ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ዳዶውን ይዩ። ከዳዶው ሥር የሚወርድ ዝገት መሳይ መስመር ወይም ቸርኬው ላይ ዳዶውን የከበበ ጥቁር ዱቄት መንሸራተት እንደነበረ ይናገራል። ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ደግሞ ያልተስተካከለ ማጥበቅ ዲስኩን ስላጣመመው ሊሆን ይችላል፤ ዲስክ ከማስላጨት በፊት ዳዶዎቹን አላልቶ በልክ ማሰር ይሞከር።

ጎማው ላልቶ ከተነዳ በኋላ «አጥብቀነዋል» ማለት አይበቃም። የቸርኬው ጉድጓዶች ክብነታቸውን ካጡ ቸርኬው ይጣላል፤ ብሎኖቹ በሙሉ ይቀየራሉ። አንድ ብሎን ተሰብሮ ከሆነም ሁለቱ ጎረቤቶቹ የእሱን ሸክም ተሸክመው ስለነበር አብረው ይቀየራሉ።

ከባድ መኪና፦ የድሮ አይሱዙ ላይ በግራ በኩል ያሉ ጎማዎች ዳዶ ጥርሱ የግራ ስለሆነ ሲፈታ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» ተቀርጾ ይታያል። ይህን ሳያዩ በቧንቧ የሚታገሉ ሰዎች እየፈቱ መስሏቸው ያጠብቃሉ። የኋላው ድርብ ጎማ የውስጥና የውጭ ዳዶ ካለው የውስጡ በልኩ ሳይጠብቅ የውጩን ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ ሲፈተሽም የውጩ ተላልቶ፣ የውስጡ ታይቶ ነው። እንደ ሲኖትራክ ያሉት ባለ 22 ሚሊ ሜትር ብሎን ሲሆኑ ከ500 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚፈልጉ የቤት መኪና ቶርክ ቁልፍ አይደርስላቸውም፤ የራሳቸው መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይውሰዷቸው።